ከንድፍ ሰሌዳ እስከ ሶፍትዌር፤ የምህንድስና ተማሪዎች የመሣሪያ ሙያ አማማር ታሪክ

መግቢያ

ከደባርቅ ተነሥቶ በስሜን ተራሮች አድርጎ ወደ ጃናሞራ የሚዘልቀውን መንገድ የተጓዘ ሰው፣ የወረዳው ዋና ከተማ መካነ ብርሃን ከመድረሱ በፊት የምህንድስናን ዋና ዋና ጥያቄዎች በመኪናው መስኮት እያየ ያልፋል። መንገዱ በየት በኩል ቢቀየስ አቀበቱ ይቀንሳል? ጎርፉ በየት ይሻገራል? የተቆረጠው አፈርስ የት ይደፋል? እነዚህ ጥያቄዎች ቀድሞ በወረቀትና በማስመሪያ ይመለሱ ነበር፤ ዛሬ በኮምፒዩተር ይመለሳሉ። ከዚሁ ደጋ ወጥቶ መሐንዲስ ለመሆን ወደ ዩኒቨርሲቲ የሚሄደው ወጣት ጥያቄዎቹን ከልጅነቱ ጀምሮ በእግሩ ያውቃቸዋል፤ የሚመለሱበትን መሣሪያ በእጁ የሚነካው ግን ብዙ ጊዜ የ12ኛ ክፍልን ፈተና ካለፈ በኋላ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ የአገራችን የምህንድስና ተማሪዎች የሙያቸውን መሣሪያ፣ በተለይም የኮምፒዩተር ሶፍትዌርን፣ እንዴት እየተማሩ እዚህ እንደ ደረሱ በአጭሩ መግለጽና ከታሪኩ ውስጥ ለመምህራንና ለዕቅድ አውጪዎች ይጠቅማል ያልሁትን አንድ ነጥብ ማሳየት ነው። ነጥቡም የሚከተለው ነው። መሣሪያ በተለወጠ ቁጥር ለመሣሪያው መግዣ ገንዘብ ተመድቧል፤ እጅን ለማለማመጃ የሚሆነው ሰዓት ግን አብሮ አልተመደበም። ልምምዱ ሌላ ቦታ ይገኛል ተብሎ ታልፏል። ኮምፒዩተር በቤቱ ወይም በሰፈሩ ላለው ልጅ ይህ ሌላ ቦታ አለ፤ ለመካነ ብርሃን ልጅ ግን የለም።

የማስመሪያ ዘመን

በአገራችን የምህንድስና ኮሌጅ በአዲስ አበባ የተከፈተው በ1945 ዓ.ም. ነው። በ1947 ዓ.ም. የኢትዮ-ስዊድን የሕንፃ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት፣ በ1955 ዓ.ም. ደግሞ በሶቪየት ኅብረት ርዳታ የተሠራው የባሕር ዳር ፖሊቴክኒክ ኢንስቲትዩት ተከተሉ። ጎንደር በነዚያ ዓመታት የምትታወቀው በጤና ባለሙያዎች ማሠልጠኛነት ነበር። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ እያደገ ሄዶ በ1996 ዓ.ም. ዩኒቨርሲቲ ሲባል እንኳ የምህንድስናው ትምህርት ገና ከፊቱ ነበር። በአፄ ፋሲል ግንብ ሥር ለተቆረቆረች ከተማ ይህ መዘግየት የሚያስገርም ነው።

የዚያን ዘመን የምህንድስና ተማሪ ዋና ዋና መሣሪያዎች የንድፍ ሰሌዳ፣ የ«ቲ» ቅርጽ ያለው ማስመሪያ፣ ኮምፓስ፣ የቀለም ብዕር፣ የሎጋሪዝም ሠንጠረዥና ስላይድ ሩል የሚባለው ተንሸራታች የሒሳብ ማስመሪያ ነበሩ። ስለ ስላይድ ሩል ጥቂት መናገር ያስፈልጋል፤ ዛሬ በሥራ ላይ ካሉት መምህራን ብዙዎቹ አላዩትምና። ይህ መሣሪያ በሎጋሪዝም ሕግ፣ አንዱን ማስመሪያ በሌላው ላይ በማንሸራተት ያባዛል፣ ያካፍላል። የሚያሳየው መልስ ግን አኃዞቹን እንጂ የነጥቡን ቦታ አይናገርም። 2 በ3 ቢባዛ፣ 20 በ30 ቢባዛ፣ 0.2 በ3 ቢባዛ በመሣሪያው ላይ የሚነበበው ያው 6 ነው። መልሱ 6፣ 600 ወይም 0.6 መሆኑን የሚወስነው ተማሪው ራሱ ነው። ስለዚህ ማስመሪያውን ከማንሸራተቱ በፊት መልሱ በግምት ምን ያህል እንደሚሆን አስቀድሞ በልቡ መያዝ ግድ ይለው ነበር። ስለ ግምት ለብቻው የተጻፈ ትምህርት አላስፈለገም፤ መሣሪያው ራሱ ያስገድድ ነበር።

የንድፍ ሥራም እንዲሁ ነበር። ተማሪው አንዱን የብረት ዕቃ ከፊት፣ ከጎንና ከላይ አይቶ በሦስት ገጽታ ይነድፋል፤ ቀለም ከተንጠባጠበበት እንደ ገና ይጀምራል። መምህሩ በሰሌዳዎቹ መካከል እየተመላለሰ የያንዳንዱን ተማሪ እጅ ያያል። በዚህ ላይ እምብዛም የማይነሣ አንድ ነገር አለ። የንድፍ ሰሌዳ በቤቱ የነበረው ተማሪ ከቶ ጥቂት ስለ ነበር፣ ከአዲስ አበባ የመጣውም ከስሜን የመጣውም ሰሌዳውን የሚያገኙት በኮሌጁ ነበር ማለት ይቻላል። ኮሌጁም ይህን ስለሚያውቅ የልምምዱን ሰዓት በራሱ መርሐ ግብር ውስጥ አስገብቶታል። ያ እኩልነት ሆን ተብሎ የታቀደ አይመስለኝም፤ ከችግር የመጣ ነው። ቢሆንም እኩልነት ነበር።

ኮምፒዩተር ሲመጣ

በውጭው ዓለም መሐንዲሶች ከኮምፒዩተር ጋር በሰፊው የተገናኙት ፎርትራን በሚባለው ቋንቋ ነው። ቋንቋውን በጆን ባከስ መሪነት የአይ ቢ ኤም ሠራተኞች እ.ኤ.አ. በ1957 ለአገልግሎት ሲያቀርቡት፣ የሒሳብ ቀመር ለሚያውቅ ሰው የሚቀርብ አጻጻፍ አስገኙ። ተማሪው ፕሮግራሙን በእጁ ጽፎ፣ በካርድ ላይ አስበስቶ፣ ለማሽኑ ክፍል አስረክቦ ውጤቱን ይጠብቃል። አንዲት ነጠላ ሰረዝ ብትሳሳት ድካሙ ሁሉ ይመለስለታል። ከዚህም የተነሣ ካርዱን ከማስረከቡ በፊት ፕሮግራሙን በእርሳስ እየተከተለ ደጋግሞ መፈተሽ ልማዱ ሆነ።

በአገራችን በዚያን ጊዜ ኮምፒዩተር ደመወዝና የሒሳብ ሥራ ከሚበዛባቸው ጥቂት ትላልቅ መሥሪያ ቤቶች አልወጣም ነበር። የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚሽን በ1968 ዓ.ም. ከተቋቋመ በኋላ በሥሩ ብሔራዊ የኮምፒዩተር ማእከል ተደራጅቷል። የምህንድስና ተማሪው ግን ስለ ኮምፒዩተር ቢማርም፣ እጁ በመሣሪያው ላይ የሚያርፍበት ሰዓት እጅግ ጥቂት ነበር።

ከዚያ በኋላ ለውጡ ፈጥኖ መጣ። እ.ኤ.አ. በ1972 ሂውሌት-ፓካርድ በእጅ የሚያዝ የሳይንስ ካልኩሌተር ለገበያ ሲያቀርብ ስላይድ ሩል በጥቂት ዓመታት ውስጥ ከተማሪው ኪስ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1979 ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን ቪዚካልክ የተባለውን የሠንጠረዥ ሶፍትዌር አወጡ፤ ዛሬ ኤክሴል ብለን የምንገለገልበት ሥራ ዘሩ ይህ ነው። አይቫን ሰዘርላንድ እ.ኤ.አ. በ1963 በስክሪን ላይ መንደፍ እንደሚቻል ካሳየ ከ19 ዓመት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1982፣ አውቶካድ በግል ኮምፒዩተር ላይ የሚሠራ ሆኖ ወጣ። የሕንፃን አቋም ለመመርመር ዛሬ በአገራችን ብዙ መሐንዲሶች የሚጠቀሙባቸው ሳፕና ኢታብስም በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በርክሌይ ኤድዋርድ ዊልሰን እ.ኤ.አ. በ1970 ከጀመረው ሥራ የወጡ ናቸው። ለመምህራን ከሁሉ ይልቅ የሚጠቅመው የማትላብ ታሪክ ይመስለኛል። ክሊቭ ሞለር ማትላብን በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ የሠራው ለገበያ ብሎ ሳይሆን፣ የኒው ሜክሲኮ ዩኒቨርሲቲ ተማሪዎቹ ፎርትራን መጻፍ ሳያስፈልጋቸው የማትሪክስን ሒሳብ እንዲለማመዱ ነው። እንግዲህ ከዓለም ታዋቂ የምህንድስና ሶፍትዌሮች አንዱ የተወለደው ከአንድ መምህር የክፍል ችግር ነው ማለት ነው።

ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶችም በዚህ ታሪክ ተመልካች ብቻ አልነበሩም። ተረፈ ራስወርቅ የግዕዝን ፊደል ለቴሌፕሪንተር እንዲስማማ በማድረግ ሲታወሱ፣ ፍስሐ አጥላው ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፊደላችንን ወደ ግል ኮምፒዩተር ለማስገባት ከደከሙት ቀዳሚዎች አንዱ ነበሩ። የግዕዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 በዩኒኮድ 3.0 ውስጥ የራሱን ቦታ አግኝቷል። እነዚህ ሰዎች መሣሪያውን ከመጠቀም አልፈው እስከ መለወጥ ደርሰዋል።

የትእዛዛቱ ቋንቋ

ፊደላችን በኮምፒዩተር ላይ ቢጻፍም የምህንድስና ሶፍትዌሮቹ ትእዛዛት እስከ ዛሬ በእንግሊዝኛ ናቸው። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት በአፍ መፍቻ ቋንቋ እንዲሰጥ አድርጓል፤ ይህም መልካም ነው። ሆኖም ተማሪው በሁለተኛ ደረጃ ወደ እንግሊዝኛ ከተሻገረ በኋላ አውቶካድን ሲገናኝ «ትሪም»፣ «ኦፍሴት»፣ «ሚረር» የሚሉትን ቃላት እንደ ድምፅ ብቻ ይሸመድዳቸዋል። የት እንደሚጫኑ ያውቃል፤ ምን እንደሚሠሩ ሲጠየቅ ግን ዝም ይላል። በሥልጠና ላይ የሞከርሁት ቀላል መንገድ ተማሪው እያንዳንዱን ትእዛዝ ከመጫኑ በፊት በአማርኛ እንዲናገር ማድረግ ነው። ትሪም የተረፈውን መስመር መከርከም ነው፤ ኦፍሴት መስመሩን በእኩል ርቀት መድገም፣ ሚረር ደግሞ እንደ መስተዋት በሌላው ወገን ማሳየት ነው። ይህን የተናገረ ተማሪ ሶፍትዌሩ ቢለወጥበት እንኳ ሥራው አይጠፋበትም።

ቁጥሩ ሲበዛ

በ2000 ዓ.ም. ከከፍተኛ ትምህርት ተቋማት ገቢ ተማሪዎች 70 በመቶው ወደ ተፈጥሮ ሳይንስና ቴክኖሎጂ እንዲገቡ ተወሰነ። አዳዲስ ዩኒቨርሲቲዎች ተከፈቱ፤ የምህንድስና ተማሪዎች ቁጥርም ከቀድሞው ጋር በማይወዳደር ሁኔታ አደገ። ከዚህ በፊት በትምህርት እጥረት ደጃፉ ላይ ይቀር የነበረ ብዙ የገጠር ልጅ መግባቱን ማንም ሊያቃልለው አይገባም። ነገር ግን የንድፍ ሰሌዳ ዘመን የነበረው እኩልነት በዚሁ ጊዜ ፈረሰ። ኮምፒዩተር ከንድፍ ሰሌዳ የሚለየው በቤትም ሊገኝ በመቻሉ ነውና።

እኔ ራሴ ኮምፒዩተር የነካሁት በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲ ገብቼ ነው። ሁለት ሰዓት የጻፍሁትን ጽሑፍ ማስቀመጥ እንዳለብኝ ስላላወቅሁ መብራት ሲጠፋ አብሮ ጠፋ። የዚያን ዕለት ያዘንሁት በጽሑፉ ሳይሆን ከጎኔ የተቀመጠው ልጅ ሳቅ ብሎ «አላስቀመጥኸውም እንዴ?» በማለቱ ነበር። እርሱ ይህን ከማን እንደ ተማረው ሊያስታውስ አይችልም፤ ከቤቱ ነው ያመጣው።

ከዓመታት በኋላ በአንድ ተቋም የአውቶካድ ክፍለ ጊዜ ለመመልከት ተጋብዤ ነበር። በያንዳንዱ ማሽን ፊት ሦስት ሦስት ተማሪዎች ተቀምጠዋል። ማውዙን የያዘው አንድ ነው፤ የቀሩት ሁለቱ ያያሉ። በአንድ ሰዓት ውስጥ ማውዙ ከእጅ ወደ እጅ የተላለፈው በጥቂት ማሽኖች ላይ ብቻ ነበር። የያዙት እነማን እንደ ሆኑ ስጠይቅ ከመግባታቸው በፊት ኮምፒዩተር የሚያውቁት ሆነው አገኘኋቸው። በመርሐ ግብሩ ላይ ሦስቱም ተማሪዎች አንድ ሰዓት ተለማምደዋል ተብሎ ተመዝግቧል። በእውነቱ የተለማመደው አስቀድሞ የሚያውቀው ነው። ከተመረቁ በኋላ አውቶካድንና ኢታብስን በግል ማሠልጠኛዎች በገንዘባቸው እንደ ገና የሚማሩ ወጣት መሐንዲሶች የሚበዙት በዚህ ምክንያት ይመስለኛል።

ጉዳዩ ዛሬ ከሙያ ብቃትም አልፏል። ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ የመጀመሪያ ዲግሪ ተመራቂዎች የመውጫ ፈተናን በኮምፒዩተር ይወስዳሉ፤ በ2016 ዓ.ም. ደግሞ የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ለከፊሎቹ ተማሪዎች በኮምፒዩተር ተሰጥቷል። ኪቦርድ የማያውቅ ተማሪ የሚያውቀውን ትምህርት ጭምር ሊያጣ የሚችልበት ደረጃ ላይ ደርሰናል።

የተቆለፈው ክፍል

የሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች ባዶ እጃቸውን አልቀሩም። በ1997 ዓ.ም. የሳተላይት የቴሌቪዥን ትምህርት ተጀመረ፤ ከዚያም በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢንፎርሜሽንና ኮሙኒኬሽን ቴክኖሎጂ ትምህርት ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል የራሱ መጽሐፍ ያለው ትምህርት ሆነ። መጽሐፉን ያየሁት በሥራዬ ምክንያት ነው፤ ይዘቱ የሚነቀፍ አይደለም። ችግሩ ከመጽሐፉ ውጭ ነው።

በአንድ የደጋ ትምህርት ቤት የገጠመኝን ልናገር። ኮምፒዩተሮቹ በጨርቅ ተሸፍነው በተቆለፈ ክፍል ተቀምጠዋል። መምህሩ የኪቦርዱን ሥዕል በጥቁር ሰሌዳ ላይ ሥሎ ያስተምራል። ለምን ክፍሉን እንደማይከፍተው ስጠይቀው ንብረቱ በስሙ የተመዘገበ መሆኑን፣ አንዱ ማሽን ቢበላሽ ከደመወዙ እንዳይቆረጥ እንደሚሰጋ ነገረኝ። መብራቱም የሚመጣው አልፎ አልፎ ነው። ይህን መምህር ለመውቀስ አልችልም። ለማሽኑ መግዣ ያሰበ ዕቅድ፣ ማሽኑ በልጆች እጅ እንደሚያረጅና እንደሚበላሽ አስቦ ለጥገና ጥቂት ገንዘብ ቢይዝ፣ የንብረት ደንቡንም ቢያሻሽል ኖሮ ቁልፉ ባላስፈለገ ነበር። ለልምምድ የተገዛ ዕቃ ካላረጀ ልምምድ አልተደረገበትም ማለት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልላችን በደረሰው የጸጥታ ችግር ብዙ ትምህርት ቤቶች ሥራ አቁመዋል፤ የኢንተርኔት አገልግሎትም ለወራት ተቋርጦ ቆይቷል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. እንደ ተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠና ያሉ በኢንተርኔት የሚሰጡ ትምህርቶች ጠቃሚ ቢሆኑም፣ መሠረቱን በመስመሩ ላይ ብቻ የጣለ ዕቅድ በደጋው ምን ሊገጥመው እንደሚችል እነዚያ ወራት በግልጽ አሳይተዋል።

ያለ ማሽን ሊጀመር የሚችለው

ለምህንድስና ተማሪ መሠረታዊ የሆኑት የሶፍትዌር ሙያዎች ብዙ አይደሉም፤ ጽሑፍን ማቀናበር፣ በሠንጠረዥ ማስላት፣ መንደፍ፣ አንድ የፕሮግራም ቋንቋና በኋላም የየሙያ ዘርፉ ሶፍትዌር ናቸው። ከነዚህ ውስጥ የንድፉና የሠንጠረዡ ግማሽ ሥራ ማሽኑ ከመምጣቱ በፊት በአራት ማእዘን በተሰመረ ወረቀት ላይ ሊሠራ ይችላል።

አውቶካድ አንድን ነጥብ የሚያውቀው በአግድምና በቁመት ርቀቱ ነው። ተማሪው ከመነሻው ተቆጥሮ የተሰጠን ነጥብና ካለበት ነጥብ ተቆጥሮ የተሰጠን ነጥብ መለየት አለበት። «5 ወደ ቀኝ፣ 3 ወደ ላይ» የሚለው ከማእዘኑ ሲቆጠርና እርሳሱ ካረፈበት ሲቆጠር ሁለት የተለያዩ ቦታዎች ናቸው። በመጀመሪያው የኮምፒዩተር ትምህርት ላይ ብዙ ጊዜ የሚፈጀው ይህ ልዩነት በ6ኛ ክፍል የሒሳብ ሰዓት በወረቀት ላይ ሊለይ የሚችል ነው።

የሠንጠረዡ ሥራ ደግሞ ከመንገዱ ይገኛል። በየ500 ሜትር የመንገዱ ከፍታ ቢጻፍ፣ ከ2,390 ሜትር ወደ 2,430 ሜትር የሚወጣው ክፍል 40 ሜትር በ500 ሲካፈል 8 በመቶ አቀበት ይሆናል። ጸሐፊው ተሳስቶ 2,430 የሚለውን 2,340 ቢያደርገው ሠንጠረዡ ያለ አንዳች ማስጠንቀቂያ 10 በመቶ ቁልቁለት ብሎ ያወጣል። ኤክሴል አያፍርም። በዚያ መንገድ በግ የነዳ ልጅ ግን ይስቃል፤ እዚያ ቁልቁለት እንደሌለ ያውቃልና። ከተማሪዎቻችን ጋር ይዘነው የምንመጣው ሀብት ይህ ሲሆን፣ በኮምፒዩተር ክፍል ውስጥ እንደ ሀብት ሲቆጠር እምብዛም አላየሁም።

በከፍተኛው ደረጃም ነገሩ ያው ነው። 4 ሜትር ርዝመት ያለው፣ በሁለት ጫፉ የተደገፈና በየሜትሩ 10 ኪሎኒውተን የተጫነበት አግዳሚ በመካከሉ የሚደርስበት ከፍተኛ የማጉበጥ ኃይል 20 ኪሎኒውተን ሜትር ነው፤ 10 በ4 ካሬ ተባዝቶ ለ8 ይካፈላል። ተማሪው በሜትር ፈንታ በሚሊሜትር አስቦ 4,000 ብሎ ቢያስገባ መልሱ አንድ ሚሊዮን ጊዜ ይበልጣል። ሶፍትዌሩ ይህንንም በቀለም አሳምሮ ያቀርበዋል። ስላይድ ሩል ያስገድድ የነበረውን ግምት አሁን የሚያስገድድ መሣሪያ ስለሌለ፣ መምህሩ ራሱ ማስገደድ አለበት፤ የእጅ ግምት ያልተጻፈበትን የኮምፒዩተር ውጤት አልቀበልም ማለት ይገባዋል። እንዲሁም የኮምፒዩተር ክፍለ ጊዜ በሥርዐተ ትምህርቱ ላይ ሲጻፍ በክፍሉ ሰዓት ሳይሆን በያንዳንዱ ተማሪ እጅ ሰዓት እንዲቆጠር ዕቅድ አውጪዎችን እጠይቃለሁ። ሦስት ተማሪ በአንድ ማሽን የተቀመጠበት አንድ ሰዓት ለያንዳንዱ 20 ደቂቃ ነው፤ 20 ደቂቃ ተብሎ ይጻፍ።

በቅርቡ ከዕጩ መምህራን ጋር የመማሪያ ክፍላችንን ለክተን በወረቀት ላይ እንድንነድፍ አደረግሁ። ከአራቱ ቡድኖች የአንደኛው ንድፍ አልዘጋ አለ፤ መጨረሻው ግድግዳ ከመነሻው ማእዘን 30 ሳንቲሜትር ርቆ ቀረ። ግማሽ ሰዓት ያህል ከተከራከሩ በኋላ አንዷ ሠልጣኝ ሜትሩን ይዛ ተነሣች፤ ዜሮው ካለበት ጫፍ ሳይሆን ከ30 ጀምሮ ተለክቶ የነበረውን ግድግዳም ለይታ አወጣች። በማግሥቱ ቁጥሮቹን ወደ ኮምፒዩተር ሲያስገቡ ከሌላ ቡድን ንድፍ አንዱ በስክሪኑ ላይ ተከፍቶ ታየ። ያ ቡድን ስሕተቱን በማሽኑ ላይ መፈለግ ሲጀምር እርሷ ሜትሩ የት እንዳለ ጠየቀች።